አርባ ሰባት ፊርማ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለፈረጅ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን አለህልኝ ወንድም ዓለም? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? መጋዘን ውስጥ ሣጥን ወድቆበት ያበጠው እግርህ ዳነልህ ወይ? ሐኪሙ አትቁምበት ብሎህ ሳለ ቆመህ እንደምትውል አውቃለሁና ስለ እሱ እውነቱን ጻፍልኝ። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። እናታችን ጉልበቴን ከማለት በቀር ጤነኛ ናት። ትንሿ እህታችን ዩምና በቁመት እኔን ለመድረስ ሁለት ጣት ቀርቷታል። አጎታችን ሀምዳን ጨው ተው ተብሎ ማንንም ሳይሰማ ይበላል። አላህ ረመዳኑን በሰላም ያድርሰን፤ አንተንም ባለህበት ይጠብቅህ።

ፈረጅ፣ ይህን በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዩምና ትምህርት ሳወራህ ዋልኩ። ባለፈው ስትደውል "ምነው ቤት ነሽ?" ብትለኝ "ዕረፍት ነው" አልኩህ። ውሸቴን ነው። ኮሌጁ አንድ ዓመት ቀጥቶኝ ነው ከደብረ ብርሃን ወርጄ አልዩ አምባ የተቀመጥኩት። አባታችን ሲሞት አንተ ከአሥረኛ ክፍል ወጥተህ እኔ እንድቀጥል ያደረግከውን አልረሳሁም። ስለዚህ ከሰው ከምትሰማው ከእኔ እጅ ይድረስህ ብዬ ይህን ደብዳቤ በጭነት መኪና ሹፌር ልኬልሃለሁ። ከመናደድህ በፊት እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ከዚያ በኋላ የፈለግከውን ያህል ተናደድ።

ጥቅምት ላይ ስንገባ የነበረኝን ደስታ አትጠይቀኝ። ብርዱን እንኳ ችዬው ነበር፤ ለቆላ ልጅ የደብረ ብርሃን ውርጭ ምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፣ ጠዋት ጠዋት የቧንቧው ውሃ ጣት ይቆርጣል። ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከሚሰጡት ኮርሶች ሦስቱን በተለይ ወደድኳቸው። አንዱ ፊዚክስ ነው። ሁለተኛው ከፍልስፍና ወገን የሆነው ሎጂክ ነው፤ ትክክለኛውን ክርክር ከተሳሳተው መለየት ያስተምራል። ሦስተኛው የፖለቲካ ሳይንስ መግቢያ ነው። ሎጂኩን የሚያስተምረን መምህር ዘሥላሴ አፉ ማር ነው። "ብዙ ሰው አመነበት ማለት እውነት ነው ማለት አይደለም" ብሎ አንድ ሙሉ ሰዓት ሲያስረዳን፣ "የተባለውን መመለስ ሲያቅታችሁ ተናጋሪውን አትምቱ" ሲለን፣ ደብተሬ ላይ በቀይ እጽፈው ነበር። አሁን ያን ደብተር መክፈት ያቅለሸልሸኛል። መምህር ነውና እዚህም "እሳቸው" ልለው ይገባ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ፤ እንደ ባለጌ አትቁጠረኝ።

ፖለቲካ ሳይንሱ ላይ ገና በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር ታዝቤ ነበር። የዕለቱ ትምህርት ምርጫ ነው። መምህራችን ለምርጫ የሚያስፈልጉትን አምስት ነጥቦች አጽፎን ሲያበቃ፣ "ደምመላሽን የክፍል ተጠሪ አድርጌዋለሁ፣ ተቃውሞ አለ?" ብሎ ደብተሩን ዘጋ። ሁላችን ሳቅን። አምስቱን ነጥቦች ፈተና ላይ ሁላችን በትክክል ጽፈናል።

ዶርም ውስጥ አጠገቤ የምትተኛው እናናየሁ የምትባል የሰላ ድንጋይ ሴት ናት። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ነው። በዲፕሎማ አሥራ አንድ ዓመት አንደኛ ደረጃ አስተምራ፣ ዲግሪ ልያዝ ብላ አንዲት ልጇን ለእናቷ ትታ የመጣች ናት። ከእኛ ጋር አንድ ወንበር ላይ ስትቀመጥ የሚስቁባት ነበሩ። እሷም "እኔ ሳላውቅ እጠይቃለሁ፣ እናንተ ሳታውቁ ትስቃላችሁ፤ ማን ይሻላል?" ትላቸው ነበር። እኔን እንደ ታናሽ እህቷ ነበር የምታየኝ። ብርዱ ሲጠናብኝ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባናዋን አውልቃ የደረበችልኝ እሷ ናት።

ፊዚክሱን የሚያስተምረን ደግሞ መምህር ባየው ነው። ኅዳር ውስጥ የላብራቶሪ ሥራ ሰጠን። ሥራው ቀላል ነበር፤ ክር ላይ ክብደት አንጠልጥለህ ታወዛውዛለህ፣ የክሩን ርዝመትና አንዱ ውዝዋዜ የሚፈጀውን ሰከንድ ትለካለህ፣ ከዚያ ምድር ዕቃን ወደ ራሷ የምትስብበትን መጠን አስልተህ ታወጣለህ። መጽሐፉ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ነው ይላል። ላብራቶሪው ውስጥ ካሉት የሰዓት መቁጠሪያዎች ግን አንዱም አይሠራም። መምህር ባየው በክፍላችን ቴሌግራም ላይ የአንድ የአምና ተማሪ ሪፖርት ለጠፈና "ቁጥሩን ከዚህ ወስዳችሁ አስገቡ፣ ጊዜ አታባክኑ" ብሎ ጻፈበት። ኔትዎርኩ መጣ ሄደ ስለሚል እኔ ያንን ጽሑፍ ከነሪፖርቱ ስክሪንሹት አድርጌ ስልኬ ላይ አስቀመጥኩት። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ለመገልበጥ እንዲመቸኝ ነው።

እናናየሁ ግን "ሳልለካ ለካሁ አልልም" አለች። ቅዳሜ ከሰዓት የሣጥኗን ቁልፍ በክር አሥራ ከዶርሙ ደረጃ ብረት ላይ አንጠለጠለችው። እሷ ስታወዛውዝ እኔ በስልኬ ሰዓት ይዤ መቶ ውዝዋዜ ቆጠርኩ፤ ደጋግመን አምስት ጊዜ። ስናሰላው ዘጠኝ ነጥብ ሰባት ሰባት መጣ። እኔ ተሳስተናል ስላት ከላይብረሪ መጽሐፍ አምጥታ አሳየችኝ። ከፍ ያለ አገር ላይ የምድር ስበት በጥቂቱ ይላላል፤ ወደ ምድር ወገብ ሲቀርቡም እንደዚያው። ያገኘነው የራሱን የደብረ ብርሃንን ቁጥር ነበር። ወላሂ ፈረጅ፣ በዕድሜዬ ማንም ያልነገረኝን ነገር በእጄ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ደስታው ግን ድፍረት አልሰጠኝም። እሷ የለካችውን አስገባች፤ እኔ ማርክ እንዳይቀነስብኝ የአምናውን ገልብጬ አስገባሁ። መምህር ባየው የእሷን ሪፖርት "አንቺ ከመጽሐፉ ትበልጫለሽ?" ብሎ በክፍል ፊት መለሰላት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የትምህርት ጥራት የሚመረምሩ ሰዎች ከውጭ መጡ። የላብ ሪፖርታችንን አስመጥተው ሲያገላብጡ፣ ከአርባ ስምንት ተማሪ የአርባ ሰባቱ ቁጥር እስከ መጨረሻዋ ነጥብ አንድ ሆኖ አገኙት። አሥራ አንዳችን ጭራሽ የአምናውን ቀን ሳይቀር ገልብጠን ነበር። መምህር ባየው በዚያው ቀን የቴሌግራሙን ጽሑፍ አጠፋው። ኮሌጁም ጥፋተኛ መፈለግ ያዘ። ማንን የመረጡ ይመስልሃል? ያልገለበጠችውን።

ወሬውን እንዲህ አድርገው ሰፉት። እናናየሁ የቀድሞ መምህርት ስለሆነች የአምናውን ሪፖርት የምታገኝበት መንገድ አላት፤ ለተማሪው አሰራጭታ የራሷን ግን ለብቻ አሳምራ ሠራች፤ መምህሩ የሚያውቁት ነገር የለም። ይህን በወረቀት ጽፎ ይዞ የመጣው ደምመላሽ ነው። ሰዓቱ የፖለቲካ ሳይንስ ነበር። መንግሥት ሥልጣኑን የሚያገኘው ከሕዝቡ ፈቃድ ነው የሚለውን እየተማርን ሳለ፣ "ፈቃድ" የሚለው ቃል ሰሌዳው ላይ በትልቁ ተጽፎ ሳለ ነው። እናናየሁን ቢሮ ጠርተዋት በክፍሉ አልነበረችም። ደምመላሽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ካልፈረምን የሁላችንም ውጤት ይሰረዛል። አርባ ሰባት ሰው ከሚጎዳ አንድ ሰው ቢጎዳ አይሻልም?" አለ። መምህራችን ወረቀቱ ከወንበር ወንበር ሲዞር አየና ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ነገሩት። ወደ መስኮቱ ዞር ብሎ "በሉ ቶሎ ጨርሱ፣ ትምህርቱ እየቀረ ነው" አለ። ከዚያ ስለ ፈቃድ ማስተማሩን ቀጠለ።

እኔ ጋ ሲደርስ አርባ ሁለት ሰው ፈርሟል። እስክሪብቶዬ አልጽፍ ብሎኝ ከጎኔ ካለው ልጅ ተውሼ ፈረምኩ። ይህን ለምን እንደምነግርህ ታውቃለህ? እስክሪብቶው አልጽፍ ሲል ማሰቢያ ጊዜ ነበረኝ። ማንም እጄን አልጠመዘዘውም።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ጸሐፊ መምህር ዘሥላሴ ነው። እናናየሁ ከቢሮው ወጥታ እንደነገረችን፣ ወረቀቱን እያሳያት "አርባ ሰባት ሰው እንዴት አንድ ላይ ይዋሻል?" ነው ያላት። አንድ ዓመት አገዷት። ዕቃዋን ስትሸክፍ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አየኋት። እስከ መናኸሪያ አንዱን ሻንጣ እንድይዝላት ጠየቀችኝ፤ ያዝኩላት። መንገዱን ሙሉ ስለ ልጇ ስታወራኝ እኔ "ስሜን አላየችው ይሆናል" እያልኩ ልቤን አታልል ነበር። መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮት ብቅ ብላ "ስምሽን አየሁት፣ አፊፋ። የሚያምር ጽሕፈት ነው ያለሽ" አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ በሦስት ቀን ነቀዘ። ከዚያ ወዲያ ያየሁት ሁሉ ይቀፈኝ ጀመር፤ ምግብ ቤቱ፣ ክፍሉ፣ የመምህራኑ ሳል ሳይቀር፣ "ተረፍን እኮ" እያሉ ትከሻዬን መታ መታ የሚያደርጉኝ ልጆች። ዘሥላሴ ክፍል ገብቶ የክርክር ስህተቶችን ለፈተና ሲያስከልሰን "ብዙ ሰው ስላለው" የሚለውን ሁለተኛ ተራ ላይ ጻፈው። እኛም ገለበጥነው። ከእሱ ይልቅ የሚገለብጠው ክፍል፣ ከክፍሉም ይልቅ የራሴ እጅ አስጠላኝ። በሐሰት መመስከር ከትልልቆቹ ወንጀሎች አንዱ ነው ብሎ አጎታችን ሀምዳን ልጅ ሳለን ያስተማረን ለሶላት በቆምኩ ቁጥር ይመጣብኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ቢሮ ሄጄ ፊርማዬን መልሱልኝ አልኩ። የቢሮዋ ሴትዮ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አይመለስም አለችኝ። ስክሪንሹቱን አሳትሜ፣ ያየሁትንና የሠራሁትን በሁለት ገጽ ጽፌ፣ ከሥሩ ፈርሜ ለኮሚቴው አስገባሁ። አንዱን ቅጂ ለጥራት መርማሪዎቹ ላክሁ። ደምመላሽ ሰምቶ ዶርሙ በር ድረስ መጣና "ራስሽን ነው የምታቃጥይው፤ እሷ እንደሆን ሄዳለች" አለኝ። ማስፈራራቱ አልነበረም፤ ከልቡ አዝኖልኝ ነበር። ሐዘኑም አስጠላኝ።

ኮሚቴው ጠራኝ። አምስት ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል፤ ለእኔ ወንበር አልነበረም። ዘሥላሴ ወረቀቴን እንደ ቆሻሻ በሁለት ጣቱ ይዞ "በፊት ፈርመሻል፤ አሁን ደግሞ ዋሽቻለሁ ትያለሽ። በራስሽ አንደበት ውሸታም ነሽ። የውሸታም ቃል እንዴት እንቀበል?" አለኝ። "መምህር፣ እኔ ውሸታም ነኝ። ይህ የቴሌግራም ጽሑፍ ግን የእኔ ቃል አይደለም፤ የመምህር ባየው ነው። የተባለውን ትታችሁ ተናጋሪውን አትምቱ ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት" አልኩት። ከመካከላቸው አንዷ ሴት አንገቷን ደፋች። እሱ ግን ፊቱ እንኳ ሳይለወጥ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ለስለስ ብሎ፣ "አፊፋ፣ እሱ የፈተና ነው። ይሄ ሥራ ነው" አለኝ።

ያቺ ቃል እንደ እሬት አፌ ውስጥ ቀርታለች፣ ፈረጅ። ባይገባው ኖሮ አዝንለት ነበር። ገብቶታል። ከማናችንም በላይ ገብቶታል፤ ከክፍል ሲወጣ እንደ ካፖርት አውልቆ ይሰቅለዋል እንጂ።

ቅጂው መርማሪዎቹ እጅ ስለገባ ነገሩን ማፈን አልተቻላቸውም። ጥር መጨረሻ ላይ ውሳኔው ወጣ። የእናናየሁ እገዳ "በይቅርታ" ተነሳ፤ ያላጠፋችውን ይቅር አሏት ማለት ነው። መምህር ባየው በቃል ተመከረ፤ በዚህ ሴሚስተርም ያንኑ ኮርስ ያስተምራል። አርባ ስድስቱ ፈራሚዎች "በግፊት የፈረሙ" ተባሉ። በሐሰት መመስከሬን በጽሑፍ ያመንኩ እኔ ብቻ ስለሆንኩ እኔ አንድ ዓመት ተቀጣሁ። መጀመሪያ ሳነበው ሳቅሁ። ቅጣቱ ይገባኛል፤ አልተበደልኩም። የሚያንገሸግሸኝ ያንን ሁሉ ጉድ አንድ ሰው ላይ ጭነው እጃቸውን መታጠባቸው ነው። መጀመሪያ እሷ ላይ ጫኑት፤ ከእሷ ላይ ሲወርድ እኔን አገኙ።

ወደ ቤት ከመውረዴ በፊት ሰላ ድንጋይ ሄድኩ። ከጣርማበር ተገንጥለን ስንጓዝ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሹፌሩ በእግር ፍጥነት ነበር የሚነዳው፤ እኔም ባይደርስ ደስ ይለኝ ነበር። እናናየሁ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የበግ ጠጉር ትፈትላለች። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ እንዝርቷን ሳታቆም ሰማችኝ። "በይቅርታ" የሚለው ላይ ስደርስ ብቻ ክሩ ተበጠሰባት። "ይቅርታቸውን ለራሳቸው ይያዙት። ወንበሬን ግን እፈልገዋለሁ፤ እመለሳለሁ" አለች። እኔን ይቅር በይኝ ስላት የተበጠሰውን ክር እየቀጠለች "አሁን ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ ለደንቡ ነው የምልሽ። እግዜር ከልቤ ሲያወጣልኝ እኔው እነግርሻለሁ። እስከዚያ ግን መንገድ መጥተሻል፣ ግቢና ቅመሺ" አለችኝ። ገብቼ በልቼ ወጣሁ። ይቅርታ ሳላገኝ ቀለለኝ፤ በዚያ ሴሚስተር ከሰማሁት ንግግር ሁሉ ያልተቀባባው እሱ ብቻ ነበር። አሁን ተመልሳ ትምህርቷን ይዛለች። ባለፈው ሳምንት ደውላ፣ ፊት ወንበር ላይ ብቻዋን እንደምትቀመጥ ነገረችኝ። ስለ ይቅርታው አላነሳችም፤ እኔም አልጠየቅኋት።

ለእናታችን የነገርኳት ማሽላ ስትለቅም ነው። ኮርሱን፣ ሪፖርቱን፣ ኮሚቴውን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። "ሴትዮዋ ልጅ አላት?" አንዲት ሴት ልጅ አለቻት አልኩ። "እንግዲያ ያቺ ልጅ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ እናትሽ አጭበርብራ ተባረረች እየተባለች ትምህርት ቤት ሄዳለች" አለች። ከዚያ እስከ ዐሱር አላናገረችኝም። ከሶላት ስትነሳ "ለወንድምሽ ራስሽ ንገሪው፤ እኔ አልነግርልሽም" አለችኝ። ይኸው ነገርኩህ።

ወደፊት ምን ልታደርጊ ነው ትለኝ ይሆናል። አጎታችን ሀምዳን "እንኳን ከነሱ ወጣሽ፤ ሱቅ ቁጭ በይ" ይለኛል። ረፋዱን ሱቁን እይዝለታለሁ፤ ከሰዓት ዩምናን ሒሳብ አስጠናታለሁ። በመጪው ዓመት ግን ኢንሻአላህ እመለሳለሁ። ወድጃቸው አይደለም፤ ያን ግቢ ሳስበው እስካሁን ይዘገንነኛል። ነገር ግን ትምህርቱ የእነሱ አይደለም። ሎጂክን ዘሥላሴ አልፈጠረውም፤ ምድርም በባየው ፈቃድ አትስብም። እናናየሁ በዚያን ጊዜ አንድ ዓመት ትቀድመኛለች፤ ይገባታል። አንተ በዚህ ላይ የምትለውን ግን መስማት እፈልጋለሁ። የምትለው ስድብም ቢሆን ጽፈህ ላክልኝ፤ ዝም አትበለኝ።

እናታችን ሰላም ብላሃለች፤ ዱዓዋ ካንተ አይለይም። ዩምና ባሕሩን ፎቶ አንስተህ እንድትልክላት አደራ ብላሃለች። አጎታችን ሀምዳን ሰላም ይልሃል፤ ለኢፍጣር የሚሆን ተምር በመጣ ሰው እንድትልክለት ብሏል። ጎረቤቶቻችን ሁሉ ስምህን ሳያነሱ አይውሉም። አንተም አንድ ክፍል ለምትጋራቸው ለአገራችን ልጆች ሰላምታዬን አድርስልኝ። እህትህ እንዴት ናት ብለው ከጠየቁህ፣ በሐሰት ላይ ፈርማ ተቀጣች በላቸው። ምን ላይ እንደፈረምኩና ማንን እንደጎዳሁ ከጠየቁህም ንገራቸው። ለእኔ ብለህ አንዲት ቃል አታሳምርልኝ።

ታናሽ እህትህ አፊፋ

አልዩ አምባ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.